ጆን ፒልን የምታስታውሱ? የሮክ ሙዚቀኞች ፉክክርስ ለሙዚቃው ምን ጨመረ?

የሌሊት አድማጭ (ለንደን)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ጆን ፒል ትዝ ይለኛል፤ ዘንድሮ እዚህ ላንሳው ብዬ ነው። ለማታውቁት፣ ፒል የቢቢሲ ሬዲዮ 1 የሌሊት ሙዚቃ አቅራቢ ነበር። ጣቢያው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1967 ሥርጭት ሲጀምር ከነበሩት አቅራቢዎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲለቁ እሱ 37 ዓመት ቆየ። ኦክቶበር 25 ቀን 2004 ፔሩ ውስጥ፣ ኩስኮ ከተማ ላይ፣ ልቡ ቆሞ በ65 ዓመቱ አረፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ ያገኘሁት በ80ዎቹ መጨረሻ ፓዲንግተን አካባቢ የሌሊት ጥበቃ ስሠራ ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ስላልጠና ሌሎቹ አቅራቢዎች የሚሉት ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። ፒል ግን ረጋ ብሎ፣ አጥር ላይ ተደግፎ እንደሚያወራ ጎረቤት ነው የሚናገረው። አይጮህም፣ አያዋክብም። የባንዱን ስም ይነግርሃል፣ ሸክላውን ያስቀምጣል። አንዳንዴ በ33 ዙር መሄድ ያለበትን በ45 ያዞረዋል፤ የዘፋኙ ድምፅ ቀጥኖ ይሮጣል፤ ያቆመዋል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ከዚምባብዌ ጊታር ቀጥሎ ናፓልም ዴዝ የሚባለው ባንድ ጩኸት ይመጣል፣ ከዚያ በ78 ዙር የሚሄድ የጥንት ሸክላ። አንዱን ከሌላው አያስበልጥም።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ይሄን ነው። ሮክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወራው ጸቡ ነው፤ ቢትልስ ወይስ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ብለር ወይስ ኦኤሲስ። ፒል ጋ ግን ማን ከማን እንደተጣላ ማንም አይነግረንም ነበር፤ ወሬው ዛሬ ምን አዲስ ሸክላ መጣ ነው። እኔ ጎራ መያዝ ያልለመድኩት ለዚህ ይመስለኛል። ፉክክሩ ለሙዚቃው የጨመረለት ነገር አለ ትላላችሁ?


ሰማያዊው (ማንችስተር)

ጋሼ፣ ስለ ፒል ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። በፉክክሩ ላይ ግን አልስማማም። የ1995ን ኦገስት እዚህ አገር ያሳለፈ ሰው ጎራ አልያዝኩም ቢለኝ ማመን ይከብደኛል!

ነገሩን ለማያውቁ፦ ኦገስት 14 ቀን የለንደኖቹ ብለርና የኛዎቹ የማንችስተር ልጆች ኦኤሲስ ነጠላ ዜማቸውን በአንድ ቀን አወጡ። የብለር «ካንትሪ ሃውስ»፣ የኦኤሲስ «ሮል ዊዝ ኢት»። ብለሮች ናቸው የመውጫ ቀናቸውን ከኦኤሲስ ጋር ያገጣጠሙት። ኤንኤምኢ መጽሔት የሽፋን ገጹን የቡጢ ግጥሚያ ማስታወቂያ አስመስሎ አወጣው። ነገሩ የቴሌቪዥን ዜና ላይ ሁሉ ቀረበ። ሸክላ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሱቅ ገብቶ ወይ ይሄን ወይ ያንን ገዛ። በሳምንቱ ብለር 274 ሺህ፣ ኦኤሲስ 216 ሺህ ገደማ ሸጡና ብለር አንደኛ ወጣ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ሆነ።

ግን ቀጥሎ የመጣውን ተመልከቱ። በኦክቶበር የወጣው የኦኤሲስ ሁለተኛ አልበም የብለርን በሽያጭ ጥሎት ሄደ። በ1996 ነብዎርዝ ላይ በሁለት ሌሊት 250 ሺህ ሰው ቆሞ ዘፈነላቸው። እና ፉክክር ምንም አይጨምርም የሚባለውን አልቀበልም። የሠራተኛ ልጆች ከለንደን ልጆች ጋር በእኩል ተቆጠሩ። ለኛ ትርጉሙ እሱ ነበር።


የሌሊት አድማጭ (ለንደን)

ሰማያዊው፣ ቀኗን ስላነሳሃት አንድ ነገር ላስታውስህ። ኦገስት 14 ለፒልም ቀን ናት። ከአሜሪካ ተመልሶ እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ የሠራበት የባሕር ላይ ጣቢያ፣ ሬዲዮ ለንደን፣ የተዘጋው ኦገስት 14 ቀን 1967 ነው። መንግሥት ከመርከብ የሚያሰራጩትን ሕገ ወጥ የሚያደርገው አዋጅ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በነበሩት ሰዓታት። እዚያ መርከብ ላይ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ማንም የማይሰማው መስሎት የፈለገውን ያጫውት ነበር። አለቆቹ ሳይነቁበት የሱ ሰዓት የጣቢያው መነጋገሪያ ሆነ። ቢቢሲም የወሰደው ከዚያ ነው።


ጊታር ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፒልን በሕይወት እያለ አልደረስኩበትም፤ የማውቀው ኢንተርኔት ላይ ካገኘኋቸው ቅጂዎች ነው። እኛም ባንድ አለን፤ ሮክ ነው የምንጫወተው፤ መለማመጃ ቦታ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ጥያቄዬ ለጋሼ ነው። ማንም የማያውቀው ባንድ እንዴት ነው እሱ ጋ የሚደርሰው? ሰው ያስፈልግ ነበር?


የሌሊት አድማጭ (ለንደን)

ልጄ፣ ሰው አያስፈልግም ነበር። ካሴት በፖስታ ትልካለህ። ሰፎክ ገጠር ውስጥ የነበረው ቤቱ በሸክላና በካሴት ተጨናንቆ ነበር፤ ሲነዳም፣ ቤት ሲሆንም ይሰማል። የወደደውን ወደ ቢቢሲ ሜይዳ ቬል ስቱዲዮ ይጠራዋል።

አሠራሩን ላስረዳህ፣ ሙዚቀኛ ስለሆንክ ይጠቅምሃል። ያን ጊዜ ቢቢሲ በቀን ሊያጫውት የሚችለው የሸክላ ሰዓት በስምምነት የተገደበ ነበር፤ የሙዚቀኞች ማኅበር ሸክላ ሰውን ከሥራ እንዳያፈናቅል ይጠብቅ ነበርና። ቀሪውን ሰዓት በራስህ ስቱዲዮ በሚቀረጽ ሙዚቃ መሙላት ግድ ነው። ለሌሎች አቅራቢዎች ይህ ሸክም ነበር፤ ፒልና ፕሮዲውሰሩ ጆን ዋልተርስ ግን ለአዳዲስ ባንዶች በር አደረጉት። ባንዱ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ይዞ ይገባል፣ በተለምዶ አራት ዘፈን ይቀርጻል፣ ማታውኑ ተቀናብሮ ያልቃል። ለማሳመር ጊዜ የለም። ስለዚህ የምትሰማው ባንዱ በዚያ ቀን የነበረውን ትክክለኛ አቅም ነው። ከ1981 እስከ 1994 ብዙዎቹን የቀረጻቸው ዴል ግሪፊን ነው፤ ራሱ የሞት ዘ ሁፕል ድራመር የነበረ። በጠቅላላው ከ4 ሺህ በላይ ቀረጻ ተሠርቷል። ጆይ ዲቪዥን፣ ዘ ስሚዝስ፣ ኒርቫና፣ ሁሉም በዚያ በር አልፈዋል። ለባንዱም ይከፈለው ነበር፤ ትንሽም ብትሆን።


የሊድሷ

ስለ 1995 ከተነሳ የኔን ከተማ ጎረቤቶች አትርሱብኝ። ፐልፕ! ዘፋኛቸው ጃርቪስ ኮከር ገና ትምህርት ቤት እያለ፣ ፒል ሸፊልድ ለዝግጅት በመጣበት ካሴቱን በእጁ ሰጠው። በ1981 ፒል ለቀረጻ ጠራቸው። ልጆች ናቸው፤ ተሰማላቸው፤ ከዚያ ዝም። ሁለተኛው ቀረጻቸው በ1993 ነው። 12 ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ሠሩ።

ብለርና ኦኤሲስ በነገር ሲጠዛጠዙ በዚያው በጋ፣ ግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዋና ሆነው ሊዘፍኑ የነበሩት ስቶን ሮዝስ ጊታሪስታቸው ትከሻው ተሰብሮ ሲቀሩ፣ በምትካቸው የወጡት ፐልፖች ናቸው። ያን ሌሊት የተዘፈነው «ኮመን ፒፕል» የሁለቱን ባንዶች ነጠላ ዜማ አንድ ላይ ቢያስሯቸው አይደርሱበትም። በድፍረት ነው የምናገረው። «ካንትሪ ሃውስ»ም «ሮል ዊዝ ኢት»ም የባንዶቹ ምርጥ ሥራዎች አይደሉም፤ የብለርና የኦኤሲስ ደጋፊ ሁሉ ሆዱ ያውቀዋል። ሰማያዊው እንዳለው ፉክክር ሽያጭ ጨምሯል። ዘፈኑን ግን አላሻሻለም። በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ።


202 (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የቢትልስና የስቶንስ ጸብ የሚባለውን ላንሳ፤ እሱ ጭራሽ ጸብ አልነበረም። ስቶንሶችን ለዴካ የሸክላ ኩባንያ ሰው የጠቆመው የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ነው፤ ለዚያው ቢትልስን አንፈልግም ብሎ ለመለሰው ዲክ ሮው። በ1963 ስቶንሶች ዘፈን ሲጠፋባቸው ሌነንና ማካርትኒ «አይ ዋና ቢ ዩር ማን»ን ሰጧቸው፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ውስጥ የገባላቸው እሱ ነው። ሸክላ ሲያወጡም እንዳይጋጩ ይነጋገሩ ነበር። የጨዋና የዱርዬ ልጆች ተረት የስቶንሶች ሥራ አስኪያጅ የአንድሩ ኦልድሃም ፈጠራ ነው፤ ጋዜጦቹ አራገቡት፤ እኛ ከ60 ዓመት በኋላም እንከራከርበታለን።

ስለ ፒል አንድ ልጨምር። የእንጀራው መጀመሪያ እዚህ አሜሪካ ነው። በ60ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ይኖር ነበር። ኬኔዲ የተገደለ ጊዜ ለሊቨርፑል ጋዜጣ ነው የምዘግበው ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ በግድያው የተያዘው ኦስዋልድ ለጋዜጠኞች ሲቀርብ እዚያው ነበር፤ ፊልሙ ላይ ይታያል። በዓመቱ ቢትልስ አሜሪካን ሲያጥለቀልቁ፣ ከሊቨርፑል አጠገብ መወለዱና የንግግር ቃናው ብቻ የዳላስ ሬዲዮ ላይ የቢትልስ ሊቅ አደረገው።


ካሴት ቤት (አዲስ አበባ)

በኛም ቤት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ብርቱ ፉክክር ነበራቸው፤ እሱ ለሙዚቃው ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ፣ እያንዳንዱ ቤት ድምፃዊና ነፋሽ አሠልጥኗልና። «ጥላሁን ወይስ ማሕሙድ» የሚለው ግን የአድማጭ ሙግት ነው። ሁለቱም የወጡት ከዚያው ከክቡር ዘበኛ ነው።

ወደ ፒል ልመለስ። ወገኖች፣ ሰውየው ከኩርፊያ ነጻ ነበር ማለት ግን ልክ አይደለም። ዘፋኙን ማርክ ቦላንን አስታውሱ። ቲራኖሶረስ ሬክስ የሚባሉት ጊዜ፣ ሁለት ሆነው መሬት ተቀምጠው በአኩስቲክ ጊታርና በቦንጎ ሲጫወቱ፣ ከፒል በላይ የደገፋቸው የለም። በ1968 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ተረት ያነበበው ራሱ ፒል ነው። ቦላን ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ዞሮ፣ ስሙን ቲ. ሬክስ ብሎ አሳጥሮ ዝነኛ ሲሆን፣ ፒል «ጌት ኢት ኦን»ን እንዳልወደደው አልደበቀም። ወዳጅነታቸው እዚያ ላይ ቀዘቀዘ። ቦላን በ1977 በመኪና አደጋ ሞተ።

እና ማን ነው የተሳሳተው? እኔ ፒልን አልፈርድበትም፤ ወዳጁ ስለሆነ ብቻ ያልወደደውን ሸክላ ወደድኩት ብሎ ቢያቀርብ ኖሮ ማን ያምነው ነበር?


ሰማያዊው (ማንችስተር)

ካሴት ቤት እዚህ ላይ አልለቅህም። «ጌት ኢት ኦን» ድንቅ ዘፈን ነው! ፒል የሚወዳቸው ዝነኛ ሲሆኑ ይርቃቸው ነበር የሚል ስሞታ ድሮም አለ። ዝና ጥፋት ነው እንዴ?


የሌሊት አድማጭ (ለንደን)

ሁልጊዜ እንዲያ አልነበረም። በ1971 ሮድ ስቱዋርትና ባንዱ ፌሴስ በ«ማጊ ሜይ» አንደኛ ሲሆኑ፣ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከጎናቸው ተቀምጦ ማንዶሊን የሚጫወት የሚመስለው ማን እንደሆነ እዩት። ፒል ነው። መጫወት አይችልም፤ ጣቶቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የባንዱ ልጆች ኳስ እየተራገጡ ይስቃሉ። ያን ቅጂ ሳየው ደስታው ይጋባብኛል። ዝና አልጠላም ሰውየው፤ ዝነኞቹን ማንም ስለሚያጫውታቸው የሱን ሰዓት ለሌላው ነበር የሚያውለው።

በ1976 የፓንክ ባንዱን ራሞንስን ማጫወት ሲጀምር የቆዩ አድማጮቹ ተቆጥተው ጽፈውለታል። ረጃጅም የጊታር ሶሎ የለመዱ ናቸው። በዚያው ዓመት በጀመረው የአድማጮች የ50 ዘፈን ምርጫ አንደኛ የወጣው የሌድ ዜፕሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ነው። በ1978 አንደኛው የሴክስ ፒስቶልስ «አናርኪ ኢን ዘ ዩኬ» ሆነ። በሁለት ዓመት አድማጩ ሁሉ ተቀየረ። እሱ ግን አንዱን ጎራ ትቶ ሌላው ውስጥ አልተሸሸገም፤ በ80ዎቹ ደግሞ ፓንክ ብቻ ለሚፈልጉት የዚምባብዌዎቹን ቡንዱ ቦይስን አመጣላቸው።


የሊድሷ

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ፤ ቅር እንዳትሰኙ። ፒልን እወደዋለሁ። ነገር ግን በ1965 ቴክሳስ ውስጥ ያገባት የመጀመሪያ ሚስቱ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ራሱም አልካደውም። ከሞተ በኋላም ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል። በ2023 ግላስተንበሪ ላይ በስሙ የሚጠራው መድረክ ስሙ ተቀይሮ ዉድሲስ ተብሏል። ለፕሮግራሙ ያለኝ ፍቅር አይቀንስም፤ ግን የልጅቷን ነገር ዘለን ስለሱ ስናወራ ይከብደኛል። እኔም ሴት ልጆች አሉኝ።


የሌሊት አድማጭ (ለንደን)

እህቴ፣ ቅር አልሰኝም። ይጻፍ። ልጅ ነበረች፤ በዚያ ላይ የምለው መከላከያ የለኝም። ያስተማረኝን ሙዚቃም አልክደውም። ሁለቱም እዚሁ ክር ላይ ይቀመጡ።


የፍራንክፈርቱ

ፉክክርና እርቅ ከተነሳ ከኛ አገር ጋር የተያያዘውን አንድ ቀን ማንም አላነሳውም። ጁላይ 2 ቀን 2005፣ ሃይድ ፓርክ፣ ላይቭ 8 የተባለው ኮንሰርት።

የፒንክ ፍሎይድን ነገር ታውቃላችሁ። ሮጀር ዋተርስና ዴቪድ ጊልሞር ሆድና ጀርባ ነበሩ። ዋተርስ በ1985 ወጣ፤ በባንዱ ስም ፍርድ ቤት ደረሱ፤ በ1987 መጨረሻ ተስማምተው ተለያዩ እንጂ አልታረቁም። አራቱ አንድ መድረክ ላይ የቆሙት ለመጨረሻ ጊዜ በ1981 ነበር። ከ24 ዓመት በኋላ የኮንሰርቱ አዘጋጅ ቦብ ጌልዶፍ ለምኖ አሰባሰባቸው። ሲጨርሱ አራቱ ተቃቅፈው ለሕዝቡ እጅ ነሡ፤ የጊልሞር ፊት ላይ ያለውን መግደርደር ላስተዋለ ሰው እቅፉ ምን ያህል እንደከበደው ይገባዋል። ከአራቱ አንዱ ሪቻርድ ራይት በ2008 ስለሞተ ያ ቀን ዳግም አይመጣም።

በዚያው ቀን፣ በዚያው መድረክ፣ ከፍሎይዶች ሰዓታት ቀደም ብሎ ብርሃን ወልዱ ወጣች። በ1984ቱ ረሃብ ፊልም ላይ በሞት አፋፍ የታየችው የትግራይ ሕፃን። መጀመሪያ የሕፃኗ ፊት ትልቁ ስክሪን ላይ ቆመ፤ ከዚያ ራሷ፣ ያደገች ቆንጆ ወጣት፣ በሐበሻ ቀሚስ። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። እኛ እዚህ ቤት ውስጥ ቲቪ ፊት የነበርን ሁሉ አልቅሰናል። በረሃባችን ስም የተሠራው ዘፈንና ኮንሰርት ላይ የሚነሳውን ትችት አውቃለሁ፣ ብዙውንም እጋራለሁ፤ እንደ ለማኝ ብቻ መታየት ያማል። ግን ያን ቀን የመድረኩ ባለቤት እሷ ነበረች። የሁለት ሀብታሞች የ20 ዓመት ኩርፊያ ከሷ ጎን ሲታይ ምን እንደሚመዝን ፍሎይዶችም የገባቸው ይመስለኛል።


202 (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የፍራንክፈርቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ብርሃንን አስታውሳለሁ፤ ከፍሎይድ ጋር በአንድ ቀን መሆኑን ግን አገናኝቼው አላውቅም ነበር።


የሊድሷ

ስለ እውነተኛ ጥላቻ ከሆነ የዘ ስሚዝሱ ዘፋኝ ሞሪሲና የዘ ኪዩሩ ሮበርት ስሚዝ አሉ። ሁለቱም ባንዶች በፒል ቤት ያደጉ ናቸው። ዘ ኪዩር በ1978 መጨረሻ፣ ስሚዝሶች በ1983 ተቀረጹ፤ እንዲያውም የስሚዝስ «ሃትፉል ኦፍ ሆሎው» አልበም ላይ ካሉት ብዙዎቹ የሬዲዮ 1 ቀረጻዎች ናቸው፤ እኔ ከዋናው የመጀመሪያ አልበማቸው አስበልጠዋለሁ። ሁለቱ ግን በየመጽሔቱ ተሰዳድበዋል። ሞሪሲ ሥጋ አትብሉ ካለ እኔ እበላለሁ፣ ይህን ያህል ነው የምጠላው ብሎ ነበር ሮበርት ስሚዝ። ለምን? የወሰዱበት ሚስት የለ፣ የከለከሉት ገንዘብ የለ። ያዘነ ወጣትን ልብ ማን ይይዛል የሚል ቅናት ነው። እኔ በልጅነቴ ሁለቱንም ነበር የማለቅስባቸው።


ካሴት ቤት (አዲስ አበባ)

የፒል የልብ ባንድ ዘ ፎል ደግሞ ከራሱ ጋር ነው የሚጣላው። ዘፋኛቸው ማርክ ኢ. ስሚዝ ከ60 በላይ ሙዚቀኛ አፈራርቋል። 24 ጊዜ ለፒል ተቀረጹ፤ ማንም ያን ያህል አልተቀረጸም። «ሁልጊዜ የተለዩ፣ ሁልጊዜም ያው» ያለላቸው ፒል ነው። ሁለቱ ግን ጓደኛሞች አልነበሩም፤ ተገናኝተው ያወሩትም ጥቂት ነው። ይህን ነው የምወድለት። ሰውየውን ሳትቀርበው ሥራውን መውደድ።


ሰማያዊው (ማንችስተር)

እሺ፣ የኔንም እርቅ ልናገር። የኦኤሲሱ ኖኤል ጋላገር በ1995 በብለሩ ዘፋኝ በዴመን አልባርን ላይ የተናገረው ክፉ ቃል፣ እዚህ አልደግመውም፣ በኋላ ይቅርታ የጠየቀበት ነው። በ2013 ማርች ላይ ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ለካንሰር ሕሙማን ወጣቶች በተዘጋጀ ኮንሰርት ኖኤል፣ ዴመንና የብለሩ ጊታሪስት ግራሃም ኮክሰን ጎን ለጎን ቆመው የብለርን «ቴንደር» ዘፈኑ፤ ፖል ዌለር ድራም ላይ። በ2017 ኖኤል በዴመን ሌላ ባንድ፣ በጎሪላዝ አልበም ላይ ገባ። ሁለቱ ባላንጣዎች ሲታረቁ የኦኤሲስ ወንድማማቾች፣ ኖኤልና ሊያም፣ ግን አልታረቁም ነበር። ኦገስት 2009 ፓሪስ ላይ ከተጣሉ በኋላ 15 ዓመት! የእናት ልጅ ጸብ እንደዚህ ነው፤ የባዕዱ ይበርዳል፣ የቤቱ ይቆያል። በ2025 ጁላይ ካርዲፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፤ እኔ እዚሁ ማንችስተር፣ ሂተን ፓርክ ሄጃለሁ፤ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ። ከአጠገቤ የብለር ካናቴራ የለበሰ ሰው ከኛ እኩል ይዘፍን ነበር። ማንም ምንም አላለውም።

ፉክክሩ ግን ይቆጨኛል አልልም። ያን በጋ ደስ ብሎኛል።


ጊታር ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ብዙ ተማርኩ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ከየት ልጀምር? አንድ ሁለት ቀረጻ ንገሩኝ፤ ከባንዱ ልጆች ጋር ሰብሰብ ብለን እንሰማለን።


የሌሊት አድማጭ (ለንደን)

ከጆይ ዲቪዥን የ1979 ጃንዋሪ ቀረጻ ጀምሩ፤ ድራሙና ቤዙ እንዴት ቦታ እንደሚለቃቀቁ አዳምጡ። ቀጥሎ የፒጄ ሃርቪን። ከዚያ ዘ አንደርቶንስ፤ ከደሪ፣ ሰሜን አየርላንድ። በ1978 ፒል «ቲንኤጅ ኪክስ»ን አጫውቶ እንዳለቀ ወዲያው ደገመው፤ እስኪሞት ድረስ ከሁሉ የሚወደው ዘፈን እሱ ነበር፤ ከግጥሙ አንድ መስመር መቃብሩ ላይ ተጽፏል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። እናንተ ባላችሁ ዕቃ የሚሠራ ነው።


ካሴት ቤት (አዲስ አበባ)

በዚያው ዓመት ከቤልፋስት የወጡትን ስቲፍ ሊትል ፊንገርስንም ጨምሩበት፤ «ሰስፔክት ዲቫይስ»ን ደጋግሞ ያጫወተው ፒል ነው። ቦምብ በሚፈነዳበት ከተማ አንዱ ባንድ ስለ ሴት ልጅ ዘፈነ፣ ሌላው ስለ ወታደርና ስለ ፍተሻ ዘፈነ፤ ደጋፊዎቻቸው እስከ ዛሬ የትኛው ልክ ነው እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ ነኝ።


የሊድሷ

እኔ አንደርቶንስ! ጦርነት ውስጥ ላለ ልጅ ስለ ፍቅር መዝፈን መብቱ ነው። ነገ ማታ እመለስበታለሁ፣ አሁን የሥራ ሰዓቴ ደርሷል።